ሳቂታዋ ቦጋለች ሲደክማት

በዚያ መንደር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው መጋቢው ነው። ቀጥሎ ቦጋለች ትጠራለች። መጋቢው ይጸልያል፤ ቦጋለች ታስቃለች።

ነገሩን ያልለመደ እንግዳ «ለቅሶ ቤት ይሳቃል እንዴ?» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ቦጋለች ግን ጊዜዋን ታውቃለች። በቀብሩ ዕለት ከሰው ጋር አብራ ታለቅሳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ድስት ታጥባለች። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳና ባሏ የሞተባት ሴት እህል አልቀምስም ብላ ግድግዳ ግድግዳ ስታይ፣ ቀስ ብላ መጥታ ከጎኗ ትቀመጣለች። ከዚያ ሟቹ በሕይወቱ ሳለ የሠራትን አንዲት ሞኝነት ታነሳለች፦ በቆሎ ሊጠብቅ ሄዶ ዝንጀሮ ጫማውን እንደወሰደበት፣ ወይም በሠርጉ ቀን ሱሪውን ገልብጦ እንደለበሰ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ትቆጣለች። ቀጥሎ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እያለቀሰች ትስቃለች። ያን ጊዜ ቦጋለች ሳህኑን ታቀርብላታለች።

«ጌታ ለዚህች ሴት ሳቅን ሰጣት» ይላሉ የቸርቹ ሽማግሌዎች። መንደሩ በአቦቦ ወረዳ ካሉት የሰፈራ መንደሮች አንዱ ነው። ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቢሆንም ወፍጮው እየጮኸ እንኳ ሳቋ መንገድ ድረስ ይሰማል።

ይህ ስጦታ እንዴት እንደመጣ ግን ከእሷ በቀር የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ከከምባታ ከእናት አባቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር በመኪና ተጭና ጋምቤላ ስትገባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወንድሟን ወሰደው። እናቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏን ዘጋች። ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ አትናገርም። የሚበላውንም ለሌላው አቅርባ ራሷ ፈቀቅ ትላለች።

ሰፋሪውን በየማለዳው አሰልፎ የሚቆጥር አንድ ካድሬ ነበር፤ ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅለት፣ ንግግር የሚወድ። «ወደ ፊት!» ብሎ እጁን ሲያነሳ ትንኝ ይነክሰውና በዚያው እጁ የገዛ ጉንጩን በጥፊ ይላል። «ወደ ፊት!» ጧ! «ድህነትን…» ጧ! ሰልፈኛው መሬት መሬት እያየ ሳቁን ይውጣል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቦጋለች ጎጆው ደጃፍ ቆማ ሆዷን ወደ ፊት ገፋችና ያንን ካድሬ ሆነች። እናቷ ዐየቻት። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አባቷ የምታለቅስ መስሎት ብድግ አለ። እየሳቀች ነበር። ስቃ ስትጨርስ በዚያ ሁሉ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ «ራበኝ» አለች።

በማግስቱ አባቷ እጇን ይዞ ልጅ ወደሞተባቸው ጎረቤቶች ወሰዳት። «ልጄ፣ ያንን ለእነሱም አሳያቸው» አላት። አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሆነ። ማንም «ትወጂዋለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም መጠየቅ የነበረበት ነገር መሆኑን አላወቀችም።

ኃይለኢየሱስን ያገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራ የሚወድ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ «እሺ» ማለት ሲበቃው «እሺ ይሁን» ብሎ ቃል የማይጨምር። ሦስት ልጆች ወለዱ። ሁለቱ ወንዶች ጅማ ተምረው እዚያው ቀሩ። የመጀመሪያዋ ቤርሳቤ ነርስ ሆና በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ካምፕ ባለው ክሊኒክ ትሠራለች፤ ቤት የተከራየችው ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ነው። ከሥራ ስትመለስ ማታ ማታ ለእናቷ ትደውላለች። የመጀመሪያ ቃሏ አንድ ነው፦ «እማዬ፣ እስቲ አስቂኝ።»

ከአራት ዓመት በፊት ኃይለኢየሱስ ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉ ከዳው። ወገቡ ተጎዳ። አሁን በሁለት ምርኩዝ ከቤት እስከ ዛፉ ጥላ ይሄዳል፤ ከዚያ አያልፍም። በቆሎውም፣ ማሽላውም፣ ለውዙም በቦጋለች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ማለዳ ባሏን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ጥላ ስር ታስቀምጣለች፤ ከዚያ እርሻ ትወርዳለች። ከሰዓት ውኃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ። በዚህ መሐል ደግሞ ሰው ይልክባታል። የታመመ አለ፣ ነይ። ባልና ሚስት ተኳርፈዋል፣ ነይ። የሴቶች ጸሎት ቀዝቅዟል፣ ነይ አሙቂልን።

ትሄዳለች። ታስቃለች። ስትመለስ ጉንጯን ያማታል። ይህንን ለጤና ኬላዋ ልጅ ብትነግራት ፓራሲታሞል ሰጠቻት። አንዳንድ ቀን የራሷን ሳቅ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርጋ ትሰማዋለች፤ «ይህች ሴት ደግሞ ምን አግኝታ ነው?» ትላለች በልቧ። ለጸሎት ስትንበረከክ ቃል ይጠፋባታል። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ ትጀምራለች፤ እዚያው በጉልበቷ እንዳለች እንቅልፍ ይጥላታል።

ባለፈው ዓመት በየካቲት፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ወር፣ ከጋምቤላ ስልክ ተደወለላት። የደወለችው ሱዛን ናት፤ አስተማሪና የአብያተ ክርስቲያናቱ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ።

«እናታችን፣ የዘንድሮው ኮንፈረንስ ርዕስ ‹ደስታ በቤተሰብ› ነው። ካንቺ ሌላ ማን ሊናገር ነው?»

ቦጋለች የበቆሎ ጆንያ ተሸክማ ነበር። «እሺ» አለች። እሺ ማለት ለምዳለች።

ባሏን ማን ያያል የሚለውን ጎረቤቷ ሪድዋና ፈታችው። ሪድዋና ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ ቁርጥ ያለች ሴት ናት። «እኔ አለሁ። ሂጂና ሁለት ቀን ቁጭ በይበት» አለቻት። ቦጋለች ቁጭ ማለት የሚለውን ቃል መንገዱን ሙሉ ስታስበው ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ አራት ሆነው ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ተጣበው ነበርና ቁጭ ማለቷም እንጃ።

ኒውላንድ ስትደርስ ቤርሳቤ ሥራ ላይ ናት። ቁልፉን ከአከራይዋ ተቀብላ ገባች። ጥግ ላይ የተቆለለ ሳህን አየች፤ አጠበችው። ወለሉን ወለወለች። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ልጅቷ በአቧራ ቀልታ ገባች፤ ቦርሳዋን ጥላ ራሷን እናቷ ጭን ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ዛሬ ጀዊ ከባድ ነበር። አስቂኝ።»

ቦጋለች አሳቀቻት። ልጅቷ እየሳቀች እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከከተማው፣ ከአቦቦ፣ ከኢታንግ፣ ከፑኝዶ ሳይቀር የመጡ ሴቶች ነበሩ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፤ ሁሉም በፕሮግራም ወረቀቱ ፊቱን ያራግባል። ሱዛን ማይክ ይዛ «አሁን የምትናገረውን እናት የማያውቅ የለም፤ ሆዳችሁን ያዙ!» ስትል እልልታው ጣራውን አነሳው። ከቦጋለች አጠገብ ወደ ኑዌርኛ የምትተረጉመው ኛፑዎክ ቆመች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ረዥም፣ ዐይኗ የጠለቀ ሴት ናት፤ ቀኑን ሙሉ በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ አስተርጓሚ ሆና እየሠራች እሑድ ደግሞ ቸርች ታስተረጉማለች።

ቦጋለች በካድሬው ጀመረች። ሆዷን ገፋች፣ እጇን አነሳች፣ «ወደ ፊት!» ጧ! አማርኛ የሚሰሙት በሳቅ ፈረሱ። ኛፑዎክ ስትተረጉም ደግሞ በግራ በኩል የተቀመጡት ኑዌሮች ፈነዱ። ሳቁ ሁለት ጊዜ መጣ፤ የመጀመሪያው ሳያባራ ሁለተኛው እየደረሰ። ቦጋለች ያን ጊዜ ሁለተኛው እስኪያልቅ መቆየት ነበረባት። ቆማ ጠበቀች። ለሰው ሁሉ ስትናገር በኖረችበት ዘመን፣ እየሳቀ ያለ ሕዝብ ፊት ምንም ሳትናገር የቆመችበት ጊዜ አልነበረም። አፎቹን ሁሉ አየች። ያሰበችው ሁለተኛ ታሪክ ስለ ባሏና ስለ ማንጎው ዛፍ ነበር፤ በየቤቱ ስንት ጊዜ አስቃበታለች። አፏን ከፈተች።

«ደከመኝ» አለች።

ሰው ሳቀ። አዲስ ቀልድ መስሏቸው ነው።

«እውነቴን ነው» አለች። ባሰባቸው። አንዲት ሴት ጭኗን እየመታች «ወይ እትዬ ቦጋለች!» አለች። ሱዛን ራሷ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

«ሌላ የምለው የለኝም። ደክሞኛል። ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ኛፑዎክ አልሳቀችም። ማይኩን ይዛ የቦጋለችን ፊት አየች። ብትፈልግ ድምፅዋን ቀልድ አስመስላ ልታሳልፈው ትችል ነበር፤ ሰዉም የጠበቀው ያንን ነው። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እንደተባለው ተረጎመችው። በግራ በኩል ሳቅ አልመጣም። ኑዌሮቹ ጸጥ አሉ። ጸጥታው ወንበር ከወንበር እየተሻገረ ወደ አማርኛ ሰሚዎቹ መጣ፤ ጭኗን ስትመታ የነበረችው ሴትም እጇን አየር ላይ አቆመች።

ሱዛን ደነገጠች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ፕሮግራም የያዘ ሰው ጸጥታ ያስፈራዋል። «እህቶች፣ ጠላት የዚህችን እናት ደስታ ሊነጥቅ ነውና እንጸልይላት!» አለች። ሴቶቹ ተነስተው ከበቧት። እጅ በእጅ ላይ ራሷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ተጫነ። ጸሎቱ እየጮኸ ሄደ። ቦጋለች በዚያ ሙቀት፣ በእጆቹ ስር፣ እንዳትወድቅ ጉልበቷን ቆልፋ ቆመች።

«ቆማለች እኮ!» አለ አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ። ኛፑዎክ ናት። «መጀመሪያ ትቀመጥ። ስትቀመጥም ጌታ ይሰማል።»

ወንበር አመጣችና አስቀመጠቻት። በኋላ፣ ሰዉ ለምሳ ሲወጣ፣ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማማ፣ እኔም ደክሞኛል» አለች። «ጠዋት የሰው ለቅሶ ይነግሩኛል፣ እተረጉማለሁ። ከሰዓትም እንደዛው። ሰውየው አልቅሶ ይሄዳል። ቃሉ ግን እኔ አፍ ውስጥ ይቀራል። ማንም ደከመሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አስተርጉሚ ብቻ ይላል።»

ቦጋለች የሚያጽናና ነገር ልትል ፈለገች፤ አልመጣላትም። «ዛሬም የእኔን ጨመርኩብሽ» አለች።

«ያንቺ ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ጠርሙሱን እየተቀባበሉ ውኃውን ጨረሱት።

ወሬው ጀዊ ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ቤርሳቤ ማታ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ደከመኝ አልኩ።»

«ለዚያ ሁሉ ሰው? ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝና? ስልኩን ሳነሳው አስቂኝ ነው የምትይኝ።»

ቦጋለች ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ደነገጠች፤ ለልጇ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። የቤርሳቤ ዐይን ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ንጹሕ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትናንት ሳታያቸው ነበር የተኛችው።

«ሳህኖቹንም አጠብሽ» አለችና አለቀሰች።

የቦጋለች ምላስ ከልማዷ ብድግ አለ። የቀልዷ መጀመሪያ ጥርሷ ድረስ መጣ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀራት። ያዘችው። ልጇ ስታለቅስ ሳታስቃት የተቀመጠችበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ጆንያ ከመሸከም የባሰ ከባድ ሆነባት። ጀርባዋን ብቻ አሻሸችላት። ጥቂት ቆይቶ ቤርሳቤ ተነሳች፤ ሽሮ ሠራችና እናቷን አበላቻት። ሽሮው አርሮ ነበር። ማናቸውም ስለ ማረሩ ቀልድ አላነሱም።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ቦጋለች መንደሯ ስትገባ ኃይለኢየሱስ ማንጎው ጥላ ስር ተቀምጦ ይጠብቃታል። ፊቱ ፈተና ሊቀመጥ እንደሄደ ተማሪ ተጨንቋል። ቤርሳቤ ደውላለት ኖሮ ሁሉን ሰምቷል።

«የቤርሳቤ እናት፣ እስቲ ተቀመጪ» አለ።

«ውኃ ልቅዳና…»

«ውኃ አለ። ተቀመጪ። አንድ ነገር ልንገርሽ ነው።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጠች። ኃይለኢየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ሰውዬ ነበር። በየማለዳው እየተነሳ አውራ ዶሮውን ይቀሰቅስ ነበር።» ቆመ። «ቆይ፣ ይሄ መጨረሻው ነው። መጀመሪያ… ሰውዬው እንቅልፋም ነው። እና እንዲቀሰቅሰው ብሎ አውራ ዶሮ ገዛ። የገዛው ከአቦቦ ገበያ ነው። ቅዳሜ ቀን። ቀይ ነው ዶሮው።»

«እሺ» አለች ቦጋለች።

«ዶሮው ግን አይጮህም። እንዲያውም ቀይ ሳይሆን ገብስማ ብለው ይሻላል፤ ሲነግሩኝ ገብስማ ነው ያሉኝ።» ላቡን ጠረገ። «እና ሰውዬው ተጨነቀ። ዶሮው ይጩህ አይጩህ ለማየት ሌሊት መነሳት ጀመረ…»

እንዳላሳቃት ያውቃል። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሯት ሲኖር አንድም ቀልድ ነግሯት አያውቅም፤ ይህንን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠናው ነው ያደረው። ስለ ዶሮው ክንፍ፣ ስለ ሰውዬው አጥር እየጨመረ ቀጠለ። ቀና ሲል ቦጋለች ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ እጇ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ቀን፣ እንዲህ ተኝታ አይቷት አያውቅም።

ኃይለኢየሱስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነገራት። ሪድዋና ልትጠይቃት ስትመጣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሪድዋናም ዐየቻት፣ ራሷን ነቀነቀች፤ በሩ ላይ የቆመውን ባዶ ጀሪካን አንስታ ውኃ ልትቀዳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ ማለት አይቻልም። እርሻው ያው ነው። ቤርሳቤ ስትደውል አሁን «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ትላለች፤ መልሱ ረዥም ሆኖ ካርዷ ያልቃል። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች አባቷን ታጥባለች። ኃይለኢየሱስ እንደተቀመጠ በቆሎ መፈልፈል ጀምሯል፤ ግማሹን ለዶሮ ይበትነዋል። በቸርቹ አንዳንዶች እስካሁን «ደስታዋን ላጣችው እህታችን» ብለው ይጸልያሉ፤ ቦጋለችም አብራ አሜን ትላለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሲልኩባት «ዛሬ አልችልም፣ ነገ መጥቼ ድስት አጥባለሁ» አለች። ሄዳም አጠበች፤ አላሳቀችም። የዚያ ቤት ሰዎች ቅር ተሰኝተው ሰላምታቸው ቀዘቀዘ፤ እስከ ዛሬም እንደቀዘቀዘ ነው። ነገሩ ያሳዝናታል።

በክረምቱ ከሪድዋና ባል ጋር አቀናጅተው የሚያርሱበት ብቸኛ በሬያቸው ቡሬ ዝንብ በሚያስተላልፈው የከብት በሽታ፣ በገንዲ ታመመ። ቆዳው ሳሳ፣ ጭራውን ማንሳት አቃተው። በዚያው ሳምንት ቦጋለችንም ወባ ጣላት። ኃይለኢየሱስ ለሁለቱም መድኃኒት አስመጣ፤ ሁለቱንም ከተቀመጠበት እየተሳበ ጠበቀ። ትኩሳቷ ለቀቅ ባደረጋት ምሽት፣ ገና እራት ሳይቀርብ፣ እንደ ወትሮው ጸሎት ጀመረ። ዐይኑን ጨፍኗል፤ ሦስት ቀን በቅጡ አልተኛም።

«ጌታ ሆይ፣ ስለ ቤታችን አመሰግንሃለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን፣ ልጆች የወለደችልኝን ቡሬን ባርክልኝ። ቦጋለችን ደግሞ ከገንዲ ፈውስልኝ። መርፌው ይሥራላት። ሰኞ ቀንበር የምትሸከምበት አቅም ስጣት፤ ጭራዋንም…»

ቦጋለች አፏን ያዘች። አልሆነም። ከት ብላ ሳቀች፤ ጋቢው ውስጥ ተጠቅልላ፣ በወባ የደቀቀ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ። የሚያያት ሰው አልነበረም። ነይ አስቂን ብሎ የላከባትም የለም።

ኃይለኢየሱስ ዐይኑን ገለጠ። «በጸሎት መሐል?»

«ምን ብለህ እንደጸለይክ ታውቃለህ?»

ነገረችው። ለረዥም ጊዜ አሰበበት፤ ቃል በቃል ከመጀመሪያው ሲደግመው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። «ጭራዋንም» ላይ ሲደርስ ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ። ትከሻው ተናወጠ፣ ወገቡን አመመው፣ «እህ» አለ፣ እያመመውም ሳቀ። አሜን ሳይባል ጸሎቱ እዚያው ቀረ።

ቡሬ ሰኞ አልተነሳም። ቦጋለች ገና ራሷ እየዞረባት ዶማዋን ይዛ ወደ እርሻ ወረደች፤ ሁለት ትልም ቆፍራ ተቀመጠች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች፣ ሦስተኛውን ጀመረች።